ከሽኮኮዎቹ ጀርባ ያለው መስመር

ሃላሌ፣ ሐምሌ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣

ደብዳቤዎ ዛሬ ከቀትር በኋላ ደረሰኝ። ሹፌሩ ገብረማርያም ከቅጥቅጡ ሳይወርድ በመስኮት ስሜን ጠርቶ፣ «ጋሽ ዘሩባቤል እህል አልበላ ብለዋል፤ መልስ ሳትይዝ እንዳትመለስ ብለውኛል» አለኝ። መናኸሪያው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሞላኝ የባዮሎጂ መምህርት መሆኔን ለአፍታ ረሳሁት።

ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስልኬን አጥፍቼ አይደለም። ካለፈው ሐሙስ ዝናብ ወዲህ እዚህ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። በመንገድ ላይ ቦምቤ ከተማ ሳለን መደወል ነበረብኝ፣ እሱ ጥፋቴ ነው።

የጠየቁኝን በየተራ ልመልስ። አዎ፣ የምትነዳው ጓደኛዬ ሰብሪና ናት፣ ፒካፑም የአባቷ የጋሽ ጠሃ ነው፤ ፈቅደውላታል። አዎ፣ ሹራብ ይዣለሁ። አይ፣ አጆራ ፏፏቴ ጫፍ ድረስ አልቀረብኩም። እንዲህ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ሰብሪና ተመልሳ እንደምትነግርዎ ስለማውቅ እውነቱን ልጻፍ። ቀርቤ ነበር። እግሬ ሥር ያለው ሣር ተንሸራተተና ሰብሪና በቀበቶዬ ይዛ ወደ ኋላ ጎተተችኝ። ሁለታችንም ጭቃ ላይ ተቀምጠን ብዙ ቆየን። ከዚያ ወዲህ ጫፍ አልሄድም።

ያረፍነው ሆቴል አይደለም። ከሃላሌ በላይ፣ በአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ባለች መንደር፣ ወይዘሮ ቦሼ ቤት ነን። ልጃቸው ተማሪዬ ነበረች፤ አሁን ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ናት። ባላቸው ሞተዋል። እኔ እንደ መንደሩ ልጆች «አዬ ቦሼ» እላቸዋለሁ፣ እናቴ እንደማለት። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ «አንተ ብላ እንጂ!» እያሉ ቦይናውን፣ የጎደሬ ቅቅሉን፣ በሚያቃጥል ዳጣ ያስበሉኛል።

አባባ፣ ቦታውን ቢያዩት! አሥራ አራት ቤት ብቻ ነው፣ ከጀርባው ሸንተረር፣ ከፊቱ የኦሞ ሸለቆ። ጠዋት ጉሙ ከሸለቆው ሲነሳ ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ዛፍ ይዘላሉ። ሸንተረሩ ላይ ደግሞ የሽኮኮ መንጋ አለ፤ እሑድ ዕለት ሁለት ሰዓት ሙሉ በሆዴ ተኝቼ በካሜራዬ አነሳኋቸው። ዛሬ ጠዋት ተመልሼ እዚያው ተኛሁ፣ አንድም የለም። ቦታውን ብቻ አንስቼ ወረድኩ።

ሜሞሪ ካርዱን ልኬልዎታለሁ። እንደ ልማድዎ ፎቶ ቤትዎ ውስጥ በትልቁ እያዩ ይተቹኝ። ሌላ አዲስ ነገር የለም። የአዬ ቦሼ በር አልዘጋ ብሎ ሁላችንም ትከሻችንን ስንሰጠው ነው የሚገጥመው፤ ዝናብ እንጨቱን አሳብጦት ነው ይላሉ። ምንጩም ስለደፈረሰ ውኃ የምንቀዳው ከታች ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ወደ ዓባያ ሐይቅ እንወርዳለን፤ ሰብሪና ጉማሬ ካላየሁ አልመለስም ብላለች።

ይብሉ እሺ?

ልጅዎ ፍሬሕይወት


ሶዶ፣ ሐምሌ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ፍሬሕይወት፣

ሰላምታዬን ስላሳጠርኩ ይቅር በይኝ። ገብረማርያም ሞተር አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው።

የፎቶ ሥዕሎቹ ጥሩ ናቸው። ስለ ጥሩነታቸው ሌላ ቀን እናወራለን።

የእሑዱንና የረቡዑን ጎን ለጎን አድርጌ አየሁ። አንድ ቦታ ተኝተሽ ስላነሳሽ ድንጋዩም ዛፉም በየቦታው ነው። በእሑዱ ላይ ከሽኮኮዎቹ ጀርባ፣ ሣሩ ውስጥ፣ እንደ ክር የቀጠነ ጥቁር መስመር አለ። ጥላ መሰለኝና አለፍኩት። በረቡዑ ላይ ሽኮኮዎቹ የሉም፣ መስመሩ ግን አለ፤ ክር አይደለም፣ ገመድ ነው። ጥላ ፀሐይ ስትዞር አብሮ ይዞራል። ይህ አልዞረም፣ ሰፋ እንጂ። ከመስመሩ በታች ያሉት ሁለት እንሰቶች እሑድ ቀጥ ብለው ቆመው ነበር፤ ረቡዕ ወደ ሸለቆው አዘንብለዋል።

ፍሬ፣ የሴትየዋ በር አላበጠም። ቤቱ ነው የተንቀሳቀሰው። ምንጩም በዝናብ አልደፈረሰም፤ መሬቱ ተሰንጥቆ ወደ ሸለቆው እየወረደ ነው።

ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ዕቃሽን ሰብስቢና ሰብሪናን ይዘሽ ውረጂ። ሰዎቹም ይውረዱ። ከየት አወቁ አትበይኝ። አሁን እሱን የመጻፊያ ጊዜ የለኝም።

አባትሽ


ሃላሌ፣ ሐምሌ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣

ወርደናል። መጀመሪያ ይህን ልጻፍ ብዬ ነው። ሃላሌ ውስጥ የሰብሪና ዘመድ ቤት ነው የምናድረው። ግን ቀን ቀን እወጣለሁ፤ ይህንንም አልደብቅዎትም።

ደብዳቤዎን እንዳነበብኩ ጋሽ ዳናን ይዤ ሸንተረሩ ላይ ወጣሁ። ጋሽ ዳና የአዬ ቦሼ ባል ወንድም ናቸው፣ ሰባ ዓመት ይሆናቸዋል፣ ዳገቱን ግን ከእኔ ቀድመው ነው የሚጨርሱት። ሣሩን በዱላቸው ገለጥ አደረጉት። እሑድ በሆዴ ከተኛሁበት ጥቂት እርምጃ ብቻ ፊት ለፊት ነው። ስንጥቁ ውስጥ ክንዴን እስከ ብብቴ አስገባሁ፣ መጨረሻውን አልነካሁም። ከውስጥ ቀዝቃዛ አየር ይወጣል።

አዬ ቦሼ የነገርኳቸውን ሰምተው ሲጨርሱ እንሰታቸውን አሳዩኝ።

«ይሄ ሰባት ዓመት ነው ያሳደግሁት። ተሸክሜ ልሂድ?»

«አዬ፣ ተራራው ሊወርድ ይችላል።»

«አንተ የመጣኸው ቅዳሜ ነው። እኔ እዚህ አርባ ዓመት ነው። ተራራው መቼ ወረደ?»

ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። አምና ከመንግሥት ቢሮ የመጡ ሰዎች ተጠንቀቁ ብለው ሄደው፣ ምንም ሳይሆን ክረምቱ አልፏል። አንዱ እንዲያውም መሬታችንን ፈልገሽ ነው ወይ አለኝ። ወደ ቀበሌ ወረድኩ፤ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ሄዷል። የቀረው ሠራተኛ ማመልከቻ ጻፊ አለኝ፤ ጻፍኩ፣ መዝገብ ላይ አሰፈረው።

በጄ ያሉት ጋሽ ዳና ብቻ ናቸው። ከስንጥቁ በዚህና በዚያ ወገን ሁለት ካስማ ተከልንና በመካከላቸው ሲባጎ ወጠርን። «ጠዋት ጠዋት እለካዋለሁ» ብለዋል። ሲተከል በካስማዎቹ መካከል ሁለት ክንድ ከስንዝር ነበር።

ሰብሪና ከታች ሆና ሞተሩን ሳታጠፋ ጠበቀችኝ። ስገባ፣ «ፍሬ፣ እኔ ጉማሬ ላይ ነበር የተስማማሁት» ብላ ሳቀች፣ ከዚያ መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ሂጂ ብያት ነበር፤ አልሄድ ብላለች።

ሁለቱን ሥዕሎች በትልቅ ወረቀት አትመው ይላኩልኝ። እኔ ስናገር ለእነሱ የሶዶ ልጅ ነኝ። ሥዕሉ ግን የራሳቸው እንሰት ነው።

አሁንስ ይነግሩኛል? በአንድ ቀጭን መስመር እንዴት ይህን ሁሉ አወቁ?

ፍሬሕይወት


ሶዶ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

ዛሬ ገብርኤል ነው። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ደጁ ላይ ቆሜ ተመለስኩ፣ መግባት አቃተኝ። ሥዕሎቹን ካርቶን ላይ ለጥፌ፣ ዝናብ እንዳይነካቸው በላስቲክ ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ። መስመሩን በቀይ አላሰመርኩበትም። ራሳቸው ያግኙት።

ለጥያቄሽ።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፣ በ1979። ለገበሬ ማኅበር አባላት የመታወቂያ ፎቶ እንዳነሳ ወደ አንድ መንደር ተላክሁ። ስሙን አልጽፍልሽም፤ ዛሬ እዚያ መንደር የለም። በሁለት ባሕር ዛፍ መካከል ነጭ አንሶላ ሰቅዬ ሰዉን በተራ አስቀመጥኩ። ነፋስ አንሶላውን ሲያነሳው ከኋላው መሬቱ ላይ ስንጥቅ አየሁ። ሣር በላዩ ስለተኛ ቀጭን ይመስላል። አንዲት ሴት ተራዋ ደርሶ ተቀመጠችና፣ «ልጄ፣ ያ ስንጥቅ እኮ እጓሮዬ ድረስ ይሄዳል። አንተ የተማርክ ነህ፣ ምንድነው?» አለችኝ።

ብርሃኑ እየሸሸብኝ ነበር። ያልተነሳ ብዙ ሰው ቀርቶኛል። «እማማ፣ አይናገሩ፣ ካሜራውን ይዩ» አልኳት።

ካሜራውን አየች።

በዘጠነኛው ቀን ተራራው ወረደ። ዘመዶቻቸው ሶዶ ድረስ በእግር መጥተው የሟቾቹን ፎቶ ለመኑኝ። ከእኔ ሌላ ያነሳቸው ሰው የለም። የአሥራ አራት ሰው ፎቶ አተምኩ። የሴትየዋ ፎቶ ከማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ቀስ እያለ ሲወጣ ዓይኗ ልክ እኔን ያያል። እኔ ነኛ እንዲያ ያልኳት።

እናትሽ ይህን ሳታውቅ አርፋለች። አንቺም ባታውቂው እመርጥ ነበር። ሰው ሁሉ «የዘሩባቤል ዓይን ምንም አያልፈውም» ሲል ዝም ብዬ ስሰማ ኖሬአለሁ።

አሁን ስሚኝ። ሥዕሉን አሳዪያቸው፣ ተናገሪ፣ ከዚያ መንደሩን ለቀሽ ውጪ። እነሱ ይዳኑ፤ እግዜር ያውቃል፣ እፈልጋለሁ። ነገር ግን ልጄ አንድ አንቺ ነሽ። በዚህ ዕድሜዬ ደግ ሰው ልመስል ብዬ አልዋሽሽም፤ ከሁሉም በፊት የምፈራው ለአንቺ ነው።

አባትሽ


ሃላሌ፣ ሐምሌ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣

በመጀመሪያ ይቅርታ። ደብዳቤዎን ለሰው አነበብኩት።

ሳላስፈቅድ ነው፤ ለማስፈቀድ ሁለት ቀን ይፈጅ ነበር፣ ሁለት ቀን ደግሞ አልነበረንም። እሑድ የመንደሩ ሰዎች ከጸሎት ቤት ሲወጡ ሥዕሎቹን አጥሩ ላይ ሰቀልኳቸው። ሰው ተሰብስቦ የየራሱን ጓሮ ይፈልግ ጀመር። አዬ ቦሼ እንሰታቸውን አገኙ። ጣታቸውን ከእሑዱ ወደ ረቡዑ፣ ከረቡዑ ወደ እሑዱ ሲያመላልሱ አየኋቸው፤ ግን ሊወርዱ አልተነሱም። ያን ጊዜ ነው ደብዳቤውን ያወጣሁት። እኔ በአማርኛ ሳነብ ጋሽ ዳና በወላይትኛ ተረጎሙት። «ካሜራውን ይዩ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አሉት።

ስጨርስ አዬ ቦሼ፣ «ያ ሴትዮ ስሙ ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ቤት ገቡ፣ ድስቶቻቸውን በነጠላ አስረው ወጡ። ከእሳቸው በኋላ ሌሎቹ ተከተሉ።

እስከ ዛሬ ማታ ዘጠኝ ቤት ወርዷል። ሃላሌ ትምህርት ቤት ክረምት ስለሆነ ባዶ ነው፤ ጥበቃው ቁልፉን ሰጥቶናል። ሰብሪና ከትናንት ጀምሮ ሽማግሌና ሕፃን እያመላለሰች ነው። ጎማው ጭቃ ላይ ሲዞር ጥርሷን ነክሳ «ያ አላህ፣ ያ አላህ» ትላለች፤ እኔም ከጎኗ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ እላለሁ።

አምስት ቤት ቀርቷል። ከብቶቻችንን የት እናስገባ ይላሉ። ነገ እንመጣለን ይላሉ። ዛሬ ጠዋት ሲባጎው ተበጥሶ ነበር። ጋሽ ዳና ሲለኩት በካስማዎቹ መካከል ሦስት ክንድ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በሦስት ቀን ውስጥ ማለት ነው አባባ።

ዝናቡ አላቋረጠም። ጆሮዬ ክፉኛ ነቅቷል፤ ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ቅርንጫፍ ሲወድቅ ሁላችንም ብድግ እንላለን። ነገ አምስቱን ቤት አውርደን ከነገ ወዲያ ወደ ሶዶ እንመለሳለን። እምልልዎታለሁ።

ስለነገሩኝ ነገር ልጽፍልዎ ፈልጌ ነበር። ቃል አጣሁለት። ሳገኝ እጽፋለሁ።

ፍሬሕይወት


ሶዶ፣ ሐምሌ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፍሬ፣

ይህ ለማን እንደሚደርስ አላውቅም።

ትናንት ማለዳ ደብዳቤሽን ያደረሰልኝ ቅጥቅጥ ወደ ሃላሌ ሲመለስ ከግማሽ መንገድ ዞሮ መጣ። መንገዱ የለም ይላሉ። «ተራራ ወርዷል» አሉ፤ የቱ ተራራ ብዬ ስጠይቅ አንዱ ይህን፣ ሌላው ያን ይላል። ገብረማርያም ቀና ብሎ አላየኝም፤ ይህ ከወሬው ሁሉ በላይ አስፈራኝ።

የሰብሪና አባት ሱቁን ዘግቶ መጥቶ መናኸሪያው አግዳሚ ላይ አጠገቤ ተቀምጧል። ሃያ ዓመት ስንተዋወቅ እንዲህ ተጠጋግተን ተቀምጠን አናውቅም። መኪና በመጣ ቁጥር እሱ ይነሳል፣ እኔ እነሳለሁ፣ እንቀመጣለን። ይህን ወረቀት በሞተር ብስክሌት ለሚሄድ የጤና ባለሙያ ልሰጠው ነው፤ እስከ ቻለበት ይሄዳል፣ ከዚያ በእግሩ።

የጠየቁሽ የዚያች ሴት ስም ብርቄ ነው። ብርቄ ነበረች። ባለፈው መጻፍ አልቻልኩም ነበር።

ደብዳቤውን ማንበብሽ ደግ አደረግሽ። አልተቆጣሁም። አልተቆጣሁም፣ ሰማሽ? ከፈለግሽ ሶዶ አደባባይ ላይ አንብቢው።

ሁለት መስመር ጻፊልኝ። አንድ ቃልም ይበቃል።

አባትሽ


ሃላሌ፣ ሐምሌ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣

አለሁ። ሰብሪናም አለች። እባክዎ ይህን መስመር አሁኑኑ ለጋሽ ጠሃ ያንብቡላቸው፣ ከዚያ ተመልሰው ቀሪውን ያንብቡ።

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው የወረደው። እኔና ሰብሪና ከታች፣ መኪናው መቆሚያ ጋ ነበርን። ከአምስቱ አራቱ ቤት በማለዳ ከብቶቻቸውን እየነዱ ወርደው ነበር። አንድ ቤት ብቻ ቀርቷል፤ ትዕዛዝ የምትባል አራስ ከሕፃኗ፣ ከሁለት ትልልቅ ልጆቿና ከእናቷ ጋር። ልንወጣላት ቃሬዛ እያሰርን ሳለ ከላይ ድምፅ ሰማን። የጋሽ ዳና ድምፅ ነበር። እንደ ልማዳቸው ሊለኩ ወጥተው ነበር። በወላይትኛ «ውጡ! ወደ ጎን ሩጡ!» እያሉ ይጮሃሉ። በዚያ ዝናብ እንዲያ የሚሰማ ድምፅ ከሰባ ዓመት ሽማግሌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ትዕዛዝ እንደነገረችኝ፣ ሕፃኑን አንስታ ልጆቿን እየገፋች፣ እናቷን እየጎተተች ወደ ጥድ ዛፎቹ ስትሮጥ ድምፁ ከኋላዋ አልተቋረጠም ነበር። ከዚያ ተቋረጠ።

ስለ ራሱ ስለ ውድቀቱ መጻፍ አልችልም። አፈሩ ቆሞ እንደነበረ ቁጭ አለ፣ ከዚያ ሄደ። አሥራ አራቱም ቤት የለም። ካሜራዬ መኪናው ውስጥ ነበር፣ እጄም ወደ እሱ አልሄደም።

ሥልሳ ሦስት ሰው ትምህርት ቤቱ ውስጥ አለ። ስም እየጠራሁ ሦስት ጊዜ ቆጥሬአቸዋለሁ።

ጋሽ ዳናን ረቡዕ ከቀትር በኋላ አገኟቸው። ትናንት ቀበርናቸው።

አባባ፣ ካስማውን ያስተከልኩት እኔ ነኝ። ባላስተክላቸው ኖሮ ያን ጠዋት ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነበሩ። ካስማው ባይተከል ኖሮ ደግሞ ትዕዛዝና ልጆቿ አይኖሩም። ሁለቱን እያነሳሁ እጥላለሁ። የጋሽ ዳና ባለቤት ቀብሩ ላይ ቀና ብለው አላዩኝም፤ አልፈረድኩባቸውም። አዬ ቦሼ ግን መጥተው ጭኔ ላይ እጃቸውን ጣሉና፣ «አንተ አልላክኸውም። እሱ ማንም አይልከውም፤ የባሌን ወንድም አውቀዋለሁ» አሉኝ። ከዚያ እሳቸውም አለቀሱ። ከእንሰታቸው አንዲት ቅጠል እንኳ አልተረፈላቸውም።

አሁን ደግሞ የመጨረሻው ነገር። እንዳይደነግጡ።

ዛሬ ጠዋት ከሸንተረሩ ማዶ ካለው መንደር ሦስት ሽማግሎች መጥተው ነበር። እነሱ ዘንድ ሠላሳ ቤት አለ። አንድ ቤት በሩ አልዘጋ ብሏል። «የእኛንም በካሜራሽ እይልን» አሉኝ። እኔ እኮ ሽኮኮ የማነሳ አስተማሪ ነኝ አልኳቸው። ቆመው ጠበቁኝ። ከወረዳ ባለሙያ እንዲላክ አመልክተናል፤ መንገዱ እስኪከፈት ሳምንት ይፈጃል ተብሏል።

እሑድ እወጣለሁ ብያቸዋለሁ። ሰብሪና እስከ ዳገቱ ሥር ታደርሰኛለች። በጣም ፈርቻለሁ አባባ። ግን ተራቸው ደርሶ ጠይቀውኛል።

ፍሬሕይወት


ሶዶ፣ ሐምሌ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

ደብዳቤሽን ያመጣልኝ የጤና ባለሙያ ይህንንም ይዞ አሁኑኑ ይመለሳል። ጠሃ የመጀመሪያዋን መስመር ስምንት ጊዜ አስነበበኝ። በስምንተኛው ላይ አቅፎኝ አለቀሰ።

ስለ ዳና የጻፍሽውን በደብዳቤ አልመልስልሽም። አጠገብሽ ተቀምጬ ነው የምመልስልሽ።

እኔና ጠሃ ነገ ጎህ ሲቀድ እንነሳለን፤ መንገዱ እስከተቆረጠበት በመኪና፣ ከዚያ በእግር። ጉልበቴ ዳገት አይወድም። ቢሆንም ቀስ ብዬ እወጣለሁ።

ሽማግሎቹን «አባቴ እየመጣ ነው፣ አብረን እናይላችኋለን» በያቸው። እስክደርስ ሸንተረሩ ላይ እግርሽን እንዳታሳርፊ።

ጠብቂኝ።

አባትሽ ዘሩባቤል